የሩት ሰማያዊ ኮፍያ

ነገሩ የሆነው ካቻምና በፍልሰታ ጾም ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ግን ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። በዚህ ዕድሜዬ የማፍርበት ነገር ብዙ የለኝም። ስለዚህ ጽፌው ይውጣልኝ አልሁ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንሁ ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የተወለድሁት በዳባትና በደባርቅ መካከል ካለች መንደር ነው። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ንባብ የለመድሁት ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። በወጣትነቴ ስሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ እየጫንሁ እንግሊዝኛ ከአፋቸው ለቀምሁ። አንዱ ትቶልኝ የሄደውን መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ኋላ ደባርቅ ገብቼ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ሆንሁ። ከጎንደር የመጣ መካኒክ “ይኼ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ” ብሎ ጥሎት የሄደውን ሞተር በሦስት ቀን አስነሥቼዋለሁ። መኪና በማይገባበት ዘመን ዕቃውን በበቅሎ አስጭኜ ደረስጌና መካነ ብርሃን ድረስ ወፍጮ ተክያለሁ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ዛሬም በሬን ያንኳኳል። ደባርቅ መጥታችሁ “ኢንጂነሩ” ብትሉ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም።

ልጄ የሺ የምትኖረው እስራኤል ነው። ባሏ ሰሎሞን ከዳባት በታች ከአንድ የቤተ እስራኤል መንደር የተወለደ፣ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር የሄደ ሰው ነው። የተወለደበትን መንደር ሊያይ መጥቶ ነው ከየሺ ጋር የተዋወቁት። ሩት የምትባል ልጅ አለቻቸው። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ካቻምና ትኬት ቆርጠው ወሰዱኝና ሁለት ወር አብሬያቸው ከረምሁ።

ሩት አማርኛ ትናገራለች፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ “አንተ” ነው የምትለው። “አባባ፣ አንተ ሻይ ትፈልጋለህ?” ትለኛለች። እኔም “እርስዎ በይ! አያትሽ እኩያሽ ነው እንዴ?” እያልሁ ማረም ጀመርሁ። ትስቅና ደግማ ትለዋለች። ቆይታ ደግሞ ትረሳዋለች።

ነሐሴ እዚያ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር ነው። ለአራት ቀን ዕረፍት ወደ ቀይ ባሕር ዳር ወረድን። እዚያ የባሕር ፍጥረትን በመስታወት ውስጥ የሚያሳይ ትልቅ ስፍራ አለ፤ አኳሪየም ይሉታል። የሩት ወሬ ዓመቱን ሙሉ ይኸው ነበር። መረብ የቆረጣቸውን፣ ጀልባ የገጫቸውን ኤሊዎች አክመው ሲድኑ ወደ ባሕር ይለቋቸዋል። በሚለቀቁበት ጧት ስምንት ልጆች ከኤሊዋ ጎን ለጎን እየሄዱ እስከ ውኃው ድረስ ይሸኟታል። ልጆቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። ሩት ሁለት ዓመት ተመዝግባ አልወጣላትም፤ በሦስተኛው ወጣላት። ሽኝቱ በገባን በማግሥቱ ነበር። በሩ ላይ ሲቀበሉን የሸኚ ልጆች ምልክት የሆነውን፣ ኤሊ የተሳለበትን ሰማያዊ ኮፍያ ሰጧት። ልጅቱ ኮፍያውን አንዴ ካደረገችው ወዲያ ፊቷን ስትታጠብ እንኳ አላወለቀችውም።

ውስጡ ጉድ ነው። በመስታወት ዋሻ ውስጥ ስትሄዱ ባሕሩ ከራሳችሁ በላይ ነው። በሬ የሚያህል ሻርክ በላያችን አለፈ።

“አባባ፣ ፈሩ እንዴ?” አለኝ ሰሎሞን።

“እኔ ጅብ እያባረርሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይኼ ደግሞ እስረኛ ነው” አልሁት።

“ታዲያ ክንዴን ለምን እንዲህ ጨበጡት?”

የሺ እስክታነባ ሳቀች።

ከዋሻው ስንወጣ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አማርኛችንን ሲሰሙ ተነሡ። የወገራ ሰው ናቸው፤ ወደዚያ አገር ከሄዱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ልጆቻቸው “እዚህ ቆይ” ብለዋቸው ራቅ ብለው ሄደዋል።

“እሰይ፣ የአገሬን ሰው አገኘሁ! ጌታዬ፣ ይኼ እሾህ የለበሰው ምን የሚሉት ፍጥረት ነው?”

እኔም ማስረዳት ያዝሁ። በየመስታወቱ አጠገብ ጽሑፍ አለ፤ ከዕብራይስጡ ሥር በእንግሊዝኛም ተጽፏል። ትልልቁን ፊደል አነብባለሁ፤ ትንሹ አይታየኝም። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ግን ለየሺም ለሰሎሞንም “ዓይኔ እንደ ንስር ነው” ብዬ ስለ ነበር አላወጣኋትም። ያልታየኝን ከራሴ ሞላሁበት። “ይኼ ዓሣ ከተወለደ እንቅልፍ አያውቅም ይላል” አልኋቸው።

“ወይ መማር! ምነው እኔንም አንድ ሰው ባስተማረኝ!”

“እኔንስ ማን አስተማረኝ? ራሴው ነኝ።”

“ራስዎ?” ብለው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ከዚያ በኋላ እግር በእግር ይከተሉኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ።

የሺና ሰሎሞን የሚበላ ሊገዙ ሲሄዱ፣ እኔ፣ ሩትና ሴትዮዋ ኤሊዎቹ ካሉበት ገንዳ ዳር ቀረን። ገንዳው ክፍት ነው፤ ውኃው እጅ ይደርስበታል። ሩት በጣቷ አሳየችኝ። “ያቺ ነገ የምንሸኛት ናት። ያቺ ጀርባዋ ላይ ጠባሳ ያላት።”

ሰዓቱ ዘጠኝ ሆነ። ጾሜን ልፈታ ከደባርቅ የያዝሁትን የገብስ ቆሎ ከኪሴ አወጣሁ። ለሴትዮዋ ዘገንሁላቸው፤ ለሩትም ሰጠኋት። አንዲት ፍሬ ወደ አፌ ሳደርስ ባለ ጠባሳዋ ኤሊ ራሷን ከውኃው አውጥታ ዓይኗን ተከለችብኝ። እኛ አገር የሚያይ ዓይን እያለ ብቻ መብላት ነውር ነው። እንግዳ ቢሆን፣ ውሻ ቢሆን፣ ትንሽ ይጣልለታል። እንዲሁ ነው ያደግነው።

“ታሳዝናለች፤ ትቅመስ እንጂ” አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ከገንዳው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰሌዳ አይተው “ያስ ምን ይላል ጌታዬ?” አሉኝ።

ሰሌዳው ሩቅ ነው። ፊደሉ ለእኔ ጉንዳን ነው። የታየኝ ሥዕሉ ብቻ ነበር፤ የተዘረጋ እጅ፣ ከእጁ ሥር ኤሊ፣ በሁለቱ ላይ ያለፈ ቀይ መስመር። እጅ ወደ አፍ ሲዘረጋ እኛ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው። ቀይ መስመሩንም አይቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

“በእጃችሁ አጉርሷት ነው የሚለው” አልሁ።

ሩት ሰሌዳውን አየች። እኔን አየች። እንደገና ሰሌዳውን አየች።

“አባባ፣ እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነዎት በይ!” አልኋት።

ልጅቱ ላቀረበችልኝ ጥያቄ የሰጠኋት መልስ ይኸው ነው።

“እርግጠኛ ነዎት?” አለች ዝግ ብላ።

“እኔ አነበብሁልሽ አይደለም? አጉርሻት!”

መዳፏን ዘረጋች። ኤሊዋ ቆሎውን ከእጇ ለቀም ለቀም አደረገች። እኔም አንድ ጊዜ ጨመርሁላት። ሴትዮዋ “እሰይ እሰይ” ይላሉ። ሁለተኛውን እፍኝ ሳወጣ አንዲት ወጣት ሠራተኛ እየጮኸች ስትሮጥ አየሁ።

የምትለው አልገባኝም። ውኃ ላይ የተንሳፈፈውን ቆሎ በመረብ ታወጣለች፣ ወደ ሰሌዳው ትጠቁማለች፣ በሬድዮ ሰው ትጠራለች። ሰው ተሰበሰበ። ኮፍያ ያደረጉ ሌሎች ልጆችም መጡ።

ሩት ወደ እኔ ዞራ ተረጐመችልኝ። “ደረቅ እህል ጉሮሮዋን ይዘጋል ትላለች። ማን ነው ያበላት ትላለች።”

ሁሉም ያዩናል። ሴትዮዋም ያዩኛል። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ቆሎውን እንደ ጨበጥሁ ነበር። “እኔ ነኝ” ለማለት የሚያስፈልገኝ አንድ ትንፋሽ ነው። ግን ያን ካልሁ ቀጥሎ የሚመጣው “ሰሌዳውን አላነበብህም?” የሚለው ነው። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

ሩት መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አንዲት አጭር ቃል ተናገረች። ቋንቋውን ባላውቅም ያን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ሠራተኛዋ ተንበርክካ በለሰለሰ ድምፅ አነጋገረቻት። አልተቆጣቻትም። ሩት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ኮፍያዋን አወለቀች፣ በእጅጌዋ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ሰጠቻት።

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ጌታዬ፣ አጉርሷት ይላል ያሉት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?” አሉኝ።

“ልጆች ምን ይሰማሉ ብለው ነው እሜቴ!” አልሁ።

ዝም ማለቴ አንድ ነገር ነው። ይህቺን ቃል ግን የሚያወጣልኝ የለም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ምንም ፍጥረት አልጠየቁኝም።

የሺ ስትደርስ ሩት ያንኑ ነገረቻት፤ “እኔ ነኝ” አለች።

“ማንበብ አታውቂም? ከክፍልሽ አንደኛ አንባቢ አይደለሽም እንዴ? ይኸው በትልቁ ‘መመገብ ክልክል ነው’ ይላል!”

“አላየሁትም” አለች ሩት።

ሁለት ጊዜ ስታየው አይቻታለሁ። ልጅቱ አንብባዋለች። አንብባው ነው እርግጠኛ ነህ ያለችኝ። እኔም በፊቷ ቆሜ እናቷ ስትቀጣት ሰማሁ፤ የቀረውን የዕረፍት ቀን ዋና ተከለከለች።

በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪሙ ኤሊዋን አይቶ ደኅና ናት አለ፤ ሽኝቱ በሰዓቱ ሆነ። እኛ ተመልካች ከሚቆምበት ገመድ ወዲህ ቆመን ነበር። በሩት ፋንታ ገብታ ኮፍያዋን ያደረገችው ልጅ ሰፍቷት በየደቂቃው ወደ ላይ ትገፋዋለች። ኤሊዋ አሸዋውን እየቀዘፈች ወረደች፤ ስምንቱ ልጆች በግራና በቀኝ ሸኟት። ሰሎሞን ትከሻው ላይ ሊያወጣት ቢል ሩት እምቢ አለች። አንዲት ጣቴን ይዛ ቆመች።

ኤሊዋ ውኃው ውስጥ ስትገባ ሩት ቀና ብላ “አባባ፣ ቆሎው ምንም አላደረጋትም” አለችኝ። እኔን ልታጽናና ነው።

የሺ አጠገቤ ነበረች። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። “ባሕሩ እንዴት ሰፊ ነው” አልሁ።

ደባርቅ ተመልሼ ስለ ሻርኩ አወራሁ። ስለ መስታወቱ ውፍረት፣ ስለ ውኃው ክብደት ለወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ አስረዳሁ። ኤሊ የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።

የከበደኝ ስልኩ ነበር። በየእሑዱ እንነጋገራለን። ሩት “አባባ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት? በሉ እንጂ ያውሩኝ” ትላለች። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ስፈልገው የነበረው ይኸው አልነበረም? ግን እያንዳንዷ “እርስዎ” ከገንዳው ዳር ታቆመኛለች። አምስት ወር ተቋቋምሁ። ከዚያ በኋላ አልቻልሁም።

እስካሁን ማድረግ የቻልሁት ይህን ነው።

መነጽሬን በሰው ፊት አደርጋለሁ። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም። ሰዎች “ኢንጂነሩ አረጀ” አሉ፤ ይበሉ።

ለየሺ ሁሉንም ነገርኋት። “አባቴ፣ እኔ እኮ ልጄን ቀጥቻት ነበር” ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለሁለት ሳምንት አልደወለችም። ከዚያ ደወለች።

ለአኳሪየሙ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ኤሊዋን ያበላሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ ጥፋት የለባትም የሚል። አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ አንድ ስሕተት የለበትም። መልስ አልመጣም።

የወገራዋን ሴት ላገኛቸው አልቻልሁም፤ ስማቸውንም አልጠየቅሁም ነበር። ይህን ከልጆቻቸው አንዱ ቢያነብላቸው፣ እሜቴ፣ ያሉት እውነት ነው። እኔ ነበርሁ።

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ዓይነት የወፍጮ ሞተር አምጥተው ሲያሳዩኝ “ይኼን አላውቀውም” አልሁ። ባለቤቱ ደንግጦ አመመዎት ወይ አለኝ።

ለሩትም ነገርኋት። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

“አውቃለሁ እኮ አባባ” አለች።

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ሴትዮዋ እያዩዎት ነበራ።”

ከዚያ “ከዛሬ ጀምሮ አንተ በይኝ” አልኋት። “እማማ ትቆጣለች” አለች። እናቷን እኔ አነጋግራለሁ አልሁ፤ አነጋገርሁም።

ሩት ገና አልለመደችውም። አሁንም በወሬ መካከል እየረሳች “እርስዎ” ትለኛለች። እኔም አርማታለሁ።