ከፔዳሉ ያልተነሳች እግር

ልብስ ሰፊዋ ጓደኞቿን ልትጠይቅ ወደ ሌላ ከተማ ስትነሳ ከያዘቻቸው ቦርሳዎች የራሷ ትንሹ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የልጇ ነው። ገና ጥርስ ያላወጣ ሰው ይህን ሁሉ ጓዝ ከየት እንደሚያመጣ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነውና እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነው። ልጁን ሰፈርተኛው "አለቃ" ይለዋል፤ ሲያዝዝ እንጂ ሲታዘዝ ማንም አላየውም።

አውቶቡስ ውስጥ አለቃ እሪ ሲል ረፈደ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ራበው አሉ፤ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ሞቀው አለች፤ ሁሉም ሐኪም ሆነ። እሷ በመስኮቱና በአንድ ወፍራም ሰውዬ መካከል ተጣብቃ፣ ጭኗ ደንዝዞ፣ መውረጃዋን ናፈቀች። ይህን ሁሉ የቻለችው ለረጅሟ ስትል ነው።

ረጅሟ፣ ሳቂታዋና እሷ ስፌት የተማሩት አንድ ላይ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ አልጋዋን አካፍላ፣ ካላት ላይ ቆርሳ ያኖረቻት ረጅሟ ናት። ያቺው ረጅሟ ዛሬ አመሻሽ ላይ ባሏን ተከትላ ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው፤ መቼ እንደምትመለስ እሷም አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ አመስግናት አታውቅም። ጎኗ ቁጭ ብላ "እናቴ ነበርሽ" ልትላት አስባ፣ ቃሏን መንገዱን ሙሉ ስታላምጥ መጣች።

የሚገናኙት ሳቂታዋ ቤት ነው፤ ረጅሟ ቀድማ ደርሳለች። ሳቂታዋ ለአለቃ ስትል ቤቱን ጸጥ አሰኝታ ጠበቀቻቸው። ሬዲዮው ጠፍቷል፤ ሳቋንም በመዳፏ አፍናዋለች፣ ይህ ለእሷ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። አለቃ ግን ጸጥታው በበዛ ቁጥር ጩኸቱ ባሰበት። እናቱ ጓዳ ይዛው ገባች፤ አጠባችው፣ አዘለችው፣ እሹሩሩ አለችው። እምቢ አለ።

ጥግ ላይ የሳቂታዋን የእግር ስፌት መኪና ያየችው ያኔ ነው። ለካ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሳለ ጀምሮ የሚተኛው በዚህ ድምፅ ነው። አልጋው ላይ አጋደመችው፣ መርፌውን ነቅላ ባዶውን ረገጠች። አለቃ ጭጭ አለ። ስታቆም ጮኸ። ስትረግጥ ተኛ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ረጅሟ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

"ነይ እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።"

"እግሬን ካነሳሁ ይነሳል።"

"እኔ ልርገጥልሽ።"

ሞከረች። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ሁሉ የየራሱ አረጋገጥ አለው፤ የድሮ አሠልጣኛቸው ጀርባውን ሰጥቶ ማን መኪናው ላይ እንዳለች ይናገር ነበር። የረጅሟ እግር ፈጣን ነው። አለቃም እንደ አሠልጣኙ ለየና እሪታውን አቀለጠው። ረጅሟ ከንፈሯን መጥጣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ረገጠች። ዞር አላለችም፤ ፊቷን ካየ እቀፊኝ ማለቱ አይቀርም። ምሳዋን በሰሃን አምጥተውላት እየረገጠች በላች። ከግድግዳው ማዶ ሁለቱ ሲያወሩ እየታወቃት ምን እንደሚሉ አልሰማ አላት። በልጇ ተናደደች፤ በመናደዷ ደግሞ አፈረች። እግሯ ግን አላረፈም።

መስኮቱ እየደበዘዘ ሲሄድ ረጅሟ ካፖርቷን ለብሳ ገባች። ልጁን እንዳትቀሰቅስ ፈርታ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከኋላዋ አቅፋ አንገቷን ሳመቻት፤ እንባዋ እዚያው ቀረ። ልብስ ሰፊዋ "እናቴ ነበርሽ" ልትል አፏን ከፈተች፣ ድምፅዋን ፈራችና መልሳ ዘጋችው። በሩ በቀስታ ተዘጋ።

ዞር ያለችው ረጅሟን የወሰደው ታክሲ ከሄደ በኋላ ነው። አለቃ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የእግሩን ጣት አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ዝም ብሎ ይጫወታል። ሁለቱም ካልሲዎቹ መሬት ላይ ወድቀዋል። እነሱን ብቻውን ማውለቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ከነቃ ቆይቷል ማለት ነው።