በወንድሜ ቁመት

ዓመቱን ሙሉ ተጥሎ የከረመ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲበራ አቧራው የሚሸተውን ታውቂው የለ? ትናንት ቤቴን ሞላውና ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልኩ። የቴያትር መብራት ሲግል እንደዚያው ነው የሚሸተው።

የግብፁ አብዮት ከመፈንዳቱ በፊት እኛ ስደተኞች ዶቂ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ አዳራሽ ቴያትር እናዘጋጅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዋና ተዋናይ፣ እኔ መብራት። ሥራውን ያስተማሩኝ የአዳራሹ ግብፃዊ ባለሙያ ናቸው፤ ኡስታ ነበር የምንላቸው። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉት መብራቶች አንገታቸውን የሚያዞሩ ዓይነት ናቸው። ተዋናዩ ቦታው ላይ ይቆማል፤ እኔ ከመቆጣጠሪያው ሆኜ መብራቱን እያዞርኩ ፊቱ ላይ አሳርፍና ቦታውን መቆጣጠሪያው ላይ እመዘግባለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቁልፍ ስጫን መብራቱ ራሱ ዞሮ እዚያው ያርፋል። ያን ጊዜ ሁሉንም ያስተካከልኩት በወንድሜ ቁመት ነበር።

ከዚያ ከተማው ተናወጠ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ፖሊስ ከመንገድ ሲጠፋ የየሰፈሩ ወጣት ዱላ ይዞ መንገድ መጠበቅ ጀመረ። ወንድሜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋይሰል ሰፈር ካለው ቤታችን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። መንገድ ጠባቂዎቹ ሰላይ ነው ብለው ይዘው ለወታደር አስረከቡት የሚል ወሬ ብቻ ደረሰን። ያልረገጥኩት ደጅ፣ ያልለመንኩት ሰው አልነበረም።

ከተማው ትንሽ ሲረጋጋ ልምምዱ ቀጠለ። ወንድሜን የተካው ማዓዲ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት የሚሠራ አጭር ልጅ ነበር። ቁልፉን ስጫን መብራቱ በአናቱ ላይ ያልፋል፤ ልጁ ፊቱ ጨልሞ ያወራል። ኡስታ የድሮውን ለብቻው አስቀምጪና በዚህኛው ቁመት አስተካክይ አሉኝ። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ወንድሜ ይመጣል አልኳቸው። ሌላ ሰው ፊት ላይ ካሳረፍኩት፣ አይመጣም ብዬ በገዛ እጄ የፈረምኩ መሰለኝ። እንዴት ያለሁ ግትር ነበርኩ!

በማግስቱ ግን ልጁ ሲቆም መብራቱ ዓይኑ ድረስ ደረሰለት። ሲራመድ ያነክስ ስለነበር ጠርቼ ጫማውን አስወለቅኩት። ካርቶን አጣጥፎ ጠቅጥቆበት ኖሯል፤ ተረከዙ ተልጧል።

«እሱ እስኪመጣ እንዲህ ይሻለኛል» አለኝ።

ኸላስ፣ በቃ፣ አልኩና በባዶ እግሩ አቁሜ በእሱ ቁመት አስተካከልኩት።

ወንድሜ የተፈታው ቴያትሩ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ አዳራሹ መጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁን ሲያይ ቆይቶ ጥሩ ይዞታል አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። እኔ ግን የት እችላለሁ! የድሮው አልጠፋም፣ ውጣና ቁም አልኩት። ልጁም ደስ ብሎት ቦታውን ለቀቀለት።

ወጥቶ ቆመ። ቁልፉን ተጫንኩ። መብራቱ ዞሮ ልክ ፊቱ ላይ ሲያርፍበት ወንድሜ ዓይኖቹን ጨፍኖ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። ማንም አላዘዘውም።

«አጥፊው» አለኝ ቀስ ብሎ።

አጠፋሁት። እጆቹ ግን አልወረዱም። መድረክ ላይ ወጥቼ አንድ በአንድ አወረድኩለት።