እጅሽ ሲረጋ

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነው። ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል። አንድ መለኪያ አረቄ ስቀምስ ይረጋል። እኔ ሞኟ መድኃኒቱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዟል። ባሌ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ እዚያው ቀረ፤ እኔ አረቄ እያወጣሁ እሸጣለሁ። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ባሏ ለሸፈተ ሴት ደግሞ ወረቀት የሚሰጥ የለም። ጠጪዎቼ ባንዳዎች ናቸው። ባሌን ለገደሉት እቀዳለሁ፣ ከቀዳሁት እቀምሳለሁ። ቤቱም ጠበበኝ፣ ከተማውም ጠበበኝ፣ መሄጃ ግን የለኝም።

ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ከጉንደ ወይን ለገበያ መጥታ ወደ ቤቴ ጎራ አለች። የአራት ዓመቷ ልጄ የውብዳር ምድጃው አጠገብ ብቻዋን ትጫወታለች። እኔ ጋኑ ሥር ተዘርሬያለሁ። እህቴ ልጅቱን አዘለቻት።

«እጅሽ ሲረጋ ትወስጃታለሽ» አለችኝና ሄደች።

ከሳምንት በኋላ የጣሊያኖቹ ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ። ሆዴን ዳበሰ። በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፦ «ጉበትሽ አብጧል። በሽታሽ አልኮሊዝሞ ይባላል፤ የመጠጥ ሱስ ነው። ከጠጣሽ ይገድልሻል። በአንዴ ካቆምሽም ሊጥልሽ ይችላል። ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ብቻሽን አትሁኚ።»

ብቻሽን አትሁኚ አለኝ። ከማን ጋር ልሁን ታዲያ? እኛ አገር ሰው የሚሰበሰብበት ሁሉ ጠላ አለበት፤ ሰንበቴው፣ ሰርጉ፣ ተዝካሩ። ቢጨንቀኝ ወደ ማርያም ማኅበሬ ሄድሁ። ጽዋው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ «ይለፈኝ» አልሁ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፣ የእመቤታችን ጽዋ ይታለፋል? ለበረከት ያህል ቅመሺ» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ቀመስሁ። እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም።

በማግስቱ በንዴት ጋኑን ደፋሁት። በአንዴ ተውሁ። ሐኪሙ ያለኝን አልሰማሁም። ሁለት ቀን አላበኝ። ግድግዳው ላይ ጉንዳን አየሁ። ጉንዳን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጣለኝ።

ስነቃ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ቤት ነኝ። ምላሴን ነክሼዋለሁ። እትዬ ዘሃራ እስላም ናቸው፤ የጨው ነጋዴ ባላቸው ከዓባይ ማዶ ሳለ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። እንደሳቸው ባሎቻቸው የቀሩባቸው አራት ሴቶች ማክሰኞና ሐሙስ እዚያ እየተሰበሰቡ ጥጥ ይፈትላሉ።

«እዚህ ቤት ጠላም አረቄም አይገባም» አሉኝ። «ሥራ ግን አለ። ነይና ፍተዪ።»

«ሰለመች ይሉኛል እኮ፣ እትዬ።»

«እስከ ዛሬስ ምን ይሉሽ ነበር?»

ሄጄ የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ፤ ሥጋቸውን አትብዪ እንጂ መፍተል ኃጢአት አይደለም አሉኝ። የሽምብራ ቆሎዬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድሁ። ሴቶቹም የውሃ መጠጫዬን ለይተው አስቀመጡልኝ። መንደሩ አልማረኝም፤ ሰለመች አሉኝ፣ አለቀስሁ፣ ግን ማክሰኞም ሐሙስም አልቀረሁም።

እንዝርቱ እጄ ላይ አልቆም አለ። ክሩ ይበጠሳል፣ የቀረው ጓጉሎ ቋጠሮ ብቻ ይሆናል። አንዷ «ይሄ ክር ነው ገመድ?» ብላ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ዘሃራ ሁልጊዜ «ከተውሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ጠጥቼ ወድቄ «ዛሬ አንድ» ብያለሁ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ጥጡን አቀበሉኝ። እነሱም ተራ በተራ የናፍቆታቸውን ያወራሉ፤ ለካስ በዚያች ከተማ የታሰርሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም።

የፈተልሁትን በልቃቂት እየጠቀለልሁ፣ የይለፍ ወረቀት ባለው በእትዬ ዘሃራ ዘመድ፣ በአንድ እህል ነጋዴ እጅ ለእህቴ እልክ ጀመር። የመጀመሪያውን ላክሁ፣ መልስ የለም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ረሳችኝ ብዬ ተስፋ የቆረጥሁበት ቀን ነበር፤ ቢሆንም መላኩን አልተውሁም። ክሩ እየቀጠነ፣ ቀኑ ወር እየሆነ፣ ወሩም ዓመት ሊሆን ሲቃረብ፣ እንጀራዬም ከእንዝርቱ ሆነ።

አንድ ሐሙስ እየፈተልን ሳለ እህቴ ከእነልጄ ደጃፉ ላይ ቆመች። የውብዳር ትንሽ ጋቢ ለብሳለች። አቅፌ ስዳብሳት ጋቢው በአንዱ ጫፍ ይጎረብጣል፤ እየሄደ እየለሰለሰ በሌላኛው ጫፍ ልስልስ ይላል። የኔ ፈትል ነበር፣ በላክሁት ተራ የተሸመነ።

«ሸማኔው የመጀመሪያውን ጣዪው ብሎኝ ነበር» አለች እህቴ። «እንቢ አልሁት።»

ይህን ለምትሰሙኝ፣ እጃችሁ ጠዋት ለሚንቀጠቀጥ ሁሉ፦ በአንዴና ለብቻችሁ አትተዉ፤ እኔ ልሞት ነበር። ሐኪም ያለውን ስሙ። ጽዋ የማይዞርበት ቤት ፈልጉ፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው ቤት ቢሆንም ግቡ፣ ቆሏችሁን ቋጥራችሁ ግቡ። ብትወድቁም ተመለሱና «ዛሬ አንድ» በሉ። እትዬ ዘሃራን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ ባላቸው ሲመለስ አብሬያቸው እልል ብያለሁ።

ዛሬ እጄ እንደገና ይንቀጠቀጣል፤ የእርጅና ነው። የውብዳር ውሃ ስታጠጣኝ እጄን ከነጣሳው ትይዝና «ይሄኛውን መንቀጥቀጥ ፈቅጄልሻለሁ፣ እናቴ» ትለኛለች።