በመሳቢያ የቀሩ ሰባት ደብዳቤዎች

ወይዘሪት ኦዘላ ታርፕሊ በቤተል ስፕሪንግስ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። በጸሐፊነቷ እንከን አልነበራትም። ታዛዥነቷን ታማኝነት ብለው ካወደሱት የሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ግን አልስማማም።

ኮሌጁን ያቆሙት ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ የሕንፃውን ሸክላ የተኮሱት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች። በግቢው ማንም ያለ «አቶ» ወይም ያለ «ወይዘሪት» አይጠራም ነበር፤ ከበሩ ውጭ ነጮች ሽማግሌውን ሳይቀር «አንተ ልጅ» ይሉት ነበርና።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960 ሰባት ተማሪዎች በከተማው መድኃኒት ቤት ለነጮች ብቻ በተለየው የምሳ ባንኮኒ ተቀመጡ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የአላባማ ግዛት ባለሥልጣናትን ፈርተው አባረሯቸው። በዓመቱ ቦርዱ ተጸጽቶ እንዲመለሱ ወሰነ፤ ጥሪውን ኦዘላ በሰባት ደብዳቤ ተየበችው። ፕሬዚዳንቱ ግን ነገሩ እስኪበርድ እንዳትልከው አዘዟት። መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። እሳቸው ሞቱ፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ቀረ።

በ1988 ኮሌጁ ዕውቅናውን ተነጥቆ ሊዘጋ፣ መዛግብቱም ወደ ሌላ ከተማ ሊጫኑ ሲሉ፣ ከሰባቱ አንዱ የትምህርት ማስረጃውን ሊወስድ መጣ። ሉሸስ ፔትዌይ ይባላል፤ ዕድሜውን በሬሳ ሣጥን ፋብሪካ ፈጅቷል።

«ወይዘሪት ኦዘላ፣ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ? እኔ እኮ ከሕንፃው ጋር አብረው የተገነቡ ነው የሚመስለኝ» አላት።

አልሳቀችም። «በሥነ ምግባር ጉድለት የተሰናበተ» የሚለውን ወረቀት ሰጥታ ልትሸኘው ትችል ነበር፤ ምንም ሳያውቅ ይሄድ ነበር። መሳቢያውን ከፍታ የእሱን ደብዳቤ ሰጠችው።

ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አቶ ሉሸስ ፔትዌይ ይላል» አለ። «እናቴ አሳፈርከኝ እንዳለች ነው የሞተችው።»

«ታዝዤ ነው፣ አቶ ፔትዌይ።»

«ያዘዙዎት ሰውዬ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

የቀሩትን ስድስቱን እንዲያደርስላት ስትዘረጋለት እጁን ሰበሰበ።

«እርስዎ ራስዎ ያድርሱ። ቤታቸው ድረስ።»

በዚያ ዓመት ሐምሌና ነሐሴ በአውቶቡስ ዞራ አራቱን ለባለቤቶቻቸው ሰጠች። ሁለቱ ሞተው ስለነበር ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄደች፤ የአንደኛው እህት ደብዳቤውን ተቀብላ በሩን ዘጋችባት። ኦዘላ ደብዳቤዎቹን ማድረሷን አከብርላታለሁ፤ ከዚህ አልፌ ግን አላመሰግናትም።

ደብዳቤው በመስከረም መጀመሪያ መጥተው ይመዝገቡ ይላል። በዚያ ዓመት በመስከረም መጀመሪያ የኮሌጁ በር በሰንሰለት ታስሮ ነበር።