ጋሼ ስንሻውና ሸንኮራው

ሰሞኑን እንጅባራ ላይ መብራት ጠፍቶ ከርሞ ሲመለስ፣ ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን አሮጌ ቴሌቪዥን እስቲ ልሞክረው ብዬ ብሰካው ምስሉ ሳይመጣ ሽታው መጣ። የጋለ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ነው፤ ልጅ ሆኜ ዳንግላ በአባቴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከእርጥብ ጋቢ፣ ከሰው ላብና ከተቆላ ሽምብራ ጋር ተቀላቅሎ የማውቀው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። አሁን ግን የጋሼ ስንሻው አርባ ከወጣ ገና ሳምንቱ ነውና ሶኬቱን ነቅዬ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ለሰርግ መቅረጫ ብሎ ከሰው እጅ የገዛው ካሜራ ምስሉን ጥርት አድርጎ እያወጣ ድምፅ ግን አይቀዳም ነበር። መጀመሪያ የቀረጸላቸው የሙሽራ ዘመዶች ካሴቱን ሲያስከፍቱት፣ ሰው ሁሉ አፉን እያላወሰ ያለ ዘፈን ሲዘል ቢያዩ፣ ዘፈናችንን የት ጣልከው ብለው ደጃችን ድረስ መጥተው ተጣሉት፤ በሽማግሌ ነው የታረቁት። አባቴ ደግሞ የተበላሸ ነገር መጣል አይሆንለትም፣ ያረጀ ፈረስ እንኳ ቢሰጡት አንድ ሥራ አያጣለትም። እንግዲያው ድምፅ የማይፈልግ ነገር ልቅረጽበት አለና ፊልም መሥራት ጀመረ፤ ለተዋናይነትም ከከተማው ሰው ሁሉ ባለጋሪውን ጋሼ ስንሻውን መረጠ።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋሼ ስንሻው ተሳፋሪ አውርዶ ሲመለስ፣ ባዶ ጋሪው ላይ ሆኖ ያወረደውን ሰው ይሆን ነበር፦ ልብሱ እንዳይነካበት ተሰብስቦ የሚቀመጠውን የቢሮ ሰው፣ ዶሮዋን ታቅፋ መንገዱን በሙሉ የምታዋራትን ባልቴት። የገጠር ልጅ ነው፣ ከፈረሱ ጋር የሚያወራው በአዊኛ ነው፤ አማርኛ አያጣም፣ ግን እንደ ውድ ዕቃ ቆጥቦ ነው የሚያወጣው። በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ የጨረሰ የገጠር ሰው ቪዲዮ ቤታችንን ሲሞላው፣ አባቴ በዱላ ቴሌቪዥኑን እየጠቆመ የጋሼ ስንሻውን ፊልም ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ ያስረዳ ነበር። አንድ ቀን ፊት ወንበር የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ሰውዬው እየነገረን አይደል እንዴ፣ አንተ ዝም በል አሉት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ዱላውን ለበር መደገፊያ አደረገው።

ከፊልሞቹ ሁሉ ሰው አጥብቆ የሚያስታውሰው የሸንኮራውን ነው። ባላገር አባት ነው። ለታመመ ልጁ ከጫግኒ የመጣ ሸንኮራ ከገበያ ገዝቶ፣ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እየተቻኮለ ቤቱ ሲደርስ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። እኛ ሸንኮራውን ይጥላል፣ ደረቱን ይመታል ብለን ስንጠብቅ እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ይልና ቢላዋውን ያወጣል። ይልጣል። አንጓውን እየለየ፣ ለትንሽ አፍ የሚሆን አድርጎ እየቆረጠ፣ ጋቢው ላይ አንድ በአንድ ይደረድራል፤ ትልቅ የመሰለውን መልሶ ለሁለት ይከፍለዋል። እስኪያልቅ ድረስ ቀና አይልም። ሲያልቅ ግን ቀና ይልና፣ በሩን የሚያይበት ያ ፊት! አማርኛ የማይሰማው የገጠር ሰው አዊኛ ከማይሰማው ከተሜ ጋር አብሮ ተንሰቀሰቀ። እናቴ ከዚያ በኋላ ሸንኮራ ቤታችን እንዲገባ አልፈቀደችም። አባቴ ሳቀባት፣ እሱም ግን ገዝቶ አያውቅም።

ይህን ፊልም ያላዩት ታላቅ እህቱ ብቻ ነበሩ፣ እትዬ ጥሩዬ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ቪዲዮ ቤትን ግን የዱርዬ መዋያ ነው ብለው እግራቸውን አላስገቡም። ጋሼ ስንሻውን ይህ ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ።

"እኔ አልወለድኩም፤ የሚቀርልኝ ያ ካሴት ነው። ብሞት እንኳ ለጥሩዬ ታሳይልኛለህ።"

አባቴም ማለለት።

ከዚያ ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ መጣ። አባቴ ተደሰተ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቃለ ተውኔት ሲጽፍ አደረ፤ የሸንኮራውን ፊልም እንደገና፣ አሁን በንግግር ሊሠራው። ለጋሼ ስንሻው የጻፈለት አማርኛ የደብተራ አማርኛ ነበር፣ እንኳን ለእሱ ለአባቴም አፍ አይመችም። ፊልሙ የታየ ቀን ጋሼ ስንሻው በቀጭን ድምፅ፣ ቃል እየሰበረ፣ ልጄን መልሱልኝ ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በእሱ ያለቀሱት ራሳቸው ሳቁ። እሱ ከኋላ ቆሞ ነበር። ወጥቶ ፈረሱን ፈትቶ ሄደ፣ ዳግመኛም ያን ደጃፍ አልረገጠም። ጋሪውን ግን መንዳቱን ቀጠለ፣ ያወረደውን ተሳፋሪ መምሰሉን ነው የተወው። እያደር ባጃጁ በዛና ጋሪውም ሥራ ፈታ።

አባቴም ፊልሙን ትቶ ድምፅ ወዳለው ሰርጉ ተመለሰ። በሰርግ ወር ካሴት ሲያጥረው በድሮዎቹ ፊልሞች ላይ ደርቦ ይቀርጽ ጀመር፤ ማባዣ ስለሌለውም ዋናውን ካሴት ለሙሽሮቹ ይሰጣል። ብዙዎቹ መብራት በሌለበት ገጠር የሚኖሩ፣ ማጫወቻ አይተው የማያውቁ ናቸው። ካሴቱን ሣጥን ውስጥ፣ ከጥሎሹ ቀሚስ ጋር ያስቀምጡታል። የጋሼ ስንሻው ዕድሜ እንዲህ በየሰው ሣጥን ተበተነ። አባቴ መሐላውን ይዞ ሞተ።

ዘንድሮ ጋሼ ስንሻው ሲሞት በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ፣ በጋሪ ነጂነት ይተዳደሩ ነበር ይላል፤ ሌላ የለውም። ከቀብር ስንመለስ እትዬ ጥሩዬ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ወንድሜን አገር ሁሉ አይቶታል፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ካሴቱን ለአርባው አምጭልኝ።"

የሸንኮራው ካሴት ላይ የተደረበው ሰርግ የማን እንደሆነ እናቴ ታስታውስ ነበር። ሰርጉ አጭር ነው፣ ሸንኮራው ደግሞ የፊልሙ መጨረሻ ነው፤ ከሰርጉ ኋላ ጫፉ ላይ ተርፎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ከመኪና ወርጄ፣ ለከሰል በተተከለው ዛፍ መሃል በእግሬ ሄጄ የዚያን ጊዜዋን ሙሽራ አገኘኋት። እርጎ ሰጠችኝ፣ የመጣሁበትንም ስነግራት ደነገጠች።

"ወይኔ እቴ፣ መች አወቅሁ። ወፉ እኮ አላስበላ ቢለን የካሴቱን ክር ገብሱ ላይ ወጠርነው።"

ወጥቼ አየሁት። ጥቁሩ ክር ከካስማ ካስማ ተወጥሮ በማሳው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር እዝዝ ይላል። አንዳንዱ ቦታ ተበጥሶ ተቋጥሯል፣ ፀሐይና ዝናብ አንጥቶታል። ሴትዮዋ ልፈታልሽ ብላ አንድ ጫፍ ያዘች፤ እጇ ላይ ፍርክስ አለ። ተይው አልኳት። እስከ መንገዱ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ።

በአርባው ባዶ እጄን ስገባ እትዬ ጥሩዬ ፊቴን አይተው አወቁ። ሰው ቀለል ሲል አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንግዲያው ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ገበያውን፣ ለቀስተኛውን፣ ሸንኮራውን። ስናገር ይሰማኛል፣ የምለው ሁሉ ተራ ወሬ ነው።

"እንዴት አርጎ ነው ያለቀሰው?" አሉኝ።

"አላለቀሰም እትዬ። ሸንኮራውን ነው የላጠው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው ምኑ ነው?" አሉኝ።

ፊቱ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ በሩን ያየበትን ፊት ልገልጽላቸው ስፈልገው የለም፤ የመጣልኝ በስተርጅናው ያየሁት፣ ጋሪው ሥር የተቀመጠው ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። እትዬ ጥሩዬ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ፣ ፊቱ ነው፣ ግን እኔም ጠፋብኝ አልኳቸው።