ከሐዲዱ የወጣው የመጋዘን በር

ዛሬ ጠዋት ሳሪስ ባለ አንድ ጋራዥ ደጅ ሳልፍ ተንሸራታቹ የብረት በር ከሐዲዱ ወጥቶ ሲፋጭ ሰማሁ። ድምፁ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወደነበረው የእህል መጋዘን መለሰኝ።

አባቴ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበር፤ እናቴ ደግሞ እዚያው ከሌሎች ሴቶች ጋር ባቄላ ትለቅም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ደጅ ስጠብቃት አባቴ በሩን ሲገፋ የላይኛው መንኮራኩር ከሐዲዱ ወጣ። ከባዱ በር አጋድሎ ተንጠለጠለ። ሴቶቹ በጠባቧ ክፍተት ለመውጣት ተጋፉ።

"ማንም እንዳይነካው! ወደ ውስጥ ራቁ!" ብሎ አባቴ ጮኸ። እኔንም ወደ ኋላ አራቀኝ። ጫኝና አውራጆቹ በሩን በገመድ አስረው በግንድ ደገፉት። ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ ማስወጣት ጀመረ። እናቴ ከፊት ነበረች።

"አንቺ ቆዪ" አላት።

"ልጄ ውጭ ናት እኮ!"

"አንቺን ካስቀደምኩ ማን ይሰማኛል?"

እሷ ብቻ ስትቀር ባቡሩ እየጮኸ መጣ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከበሩ አናት ዝገት ረገፈ። ባቡሩ ሲያልፍ እናቴ ወጣች፤ አባቴን ሳታየው እጄን ይዛ ሄደች።

"ተናዶብሽ ነው?" አልኳት መንገድ ላይ።

"ፈርቶ ነው" አለች።

አባቴ ሲፈራ አይቼ ስለማላውቅ አላመንኳትም።

ዛሬ የጋራዡ ሠራተኞች በሩን ሲደግፉ ባለቤቱ ሰው እንዳይጠጋ ይከላከል ነበር። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። አባቴ ያን ቀን እናቴ እስክትወጣ ድረስ እጆቹን ኪሱ ከቶ እንደነበር ያኔ ታወሰኝ።