ላልቶም ጠብቆም የሚነበበው ዘንዶ

የልጅ ልጄ እጅ አያርፍም። በግራዋ የታጠፉትን ወረቀቶች ጨምቃ ትይዛለች፤ በቀኟ ሰም የተቀባውን ክር በጀርባቸው በኩል ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ ትስባለች። ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰው መጽሐፍ ስትሰፋ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ባልደረቦቿ «ሙጫ» ይሏታል፤ አንድም ጣቷን ሙጫ ስለማይለየው፣ አንድም የያዘችውን ስለማትለቅ።

የያዘችው ደግሞ ዘንዶ ነው። ድመት የሚያህል፣ የመንገድ ፋኖስ ከምታበራ ልጅ ጋር የሚኖር፣ ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ በእስትንፋሱ የሚለኩስላት ዘንዶ። ታሪኩን ሦስት ዓመት ጻፈችው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አንብቦ መለሰላት። ዘንዶውን ወድጄዋለሁ፣ አስማቱን ግን አላመንኩትም፤ እሳቱ ከሜዳ የሚታፈስ ይመስል ምንም አያስከፍለውም፣ ስለዚህ አልሰጋሁለትም አላት። እስከ ዓርብ አስተካክላ ካላመጣች የኅትመት ተራዋ ለሌላ መጽሐፍ ይሰጣል።

ረቡዕ ከሥራ መጥታ ረቂቁን ጠረጴዛ ላይ ጣለችና ልብስ ልታጥብ ጓሮ ወጣች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ያስተማረችኝም እሷ ናት፣ ከማተሚያ ቤት በሚጣል የተበላሸ ወረቀት። አንዱን ገጽ አንስቼ በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ዘንዶው ፋኖስ በለኮሰ ቁጥር ይበላል።» ገጹን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረገሽ? አሁን ስንት ቀረው?»

«ምኑ፣ እማማ?»

«ገላው ነዋ። በለኮሰ ቁጥር እንዲህ ከሆነ መንገዱን ሳይጨርስ አያልቅም?»

እሷ «ይበላል» ብላ የጻፈችው ላልቶ እንዲነበብ ነበር፤ ዘንዶው ሥራ ስለሚያስርበው ከልጅቷ ኪስ ከረሜላ ይመገባል ማለቷ ነው። እኔ አጥብቄ አነበብኩትና ምስኪኑን ራሱን አስበላሁት። ልትስቅብኝ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ።

«እስቲ እንደገና አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩ፣ አሁንም ጠብቆ።

እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ቤት ገባችና ብዕር አነሳች። ልብሱ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀረ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ከሥራ ቀረችና ስንከራከር ዋልን። ለአንድ ፋኖስ አንድ ቅርፊት እንዲከፍል ተስማማን። ከየት ይጀምር ስትለኝ ከጅራቱ አልኳት፤ ትከሻዋ ላይ ሲቀመጥ ጅራቱ በጀርባዋ በኩል ስለሚንጠለጠል ልጅቷ አታየውም። ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ግንባሬን ሳመችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጨካኝ ነሽ» አለችኝ፣ ዓይኗ እየበራ።

ዓርብ ባለቤቱ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ ተቀምጦ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ልጅቷ እስከመቼ ነው የማታውቀው?» አላት። ይህን የቤታችንን ደረጃ እየወጣች ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ በሦስተኛው በሩ ላይ ነበርን፣ ሁለታችንም እንደ ሕፃን እንዘላለን።

ሰውየው አንባቢ እንዳይሳሳት ቃሉን ቀይሪው ብሏት ነበር። ሙጫ አይደለች፣ አልለቅም አለች። ፋኖስ አብሪዋም መጀመሪያ የተሳሳተችው እንደዚያ ነው፣ የሚመገብ እንጂ የሚያልቅ አልመሰላትም አለችው።

ይኸው አሁን አጠገቤ የራሷን መጽሐፍ ትሰፋለች፤ እኔ አጥፋለሁ። አንዱ እጃችሁ ከገባ አደራችሁን፣ ያን ቃል መጀመሪያ አላልታችሁ አንብቡት፤ ከልጅቷ ጋር ተሳሳቱ። ጅራቱ አልቆ የመጨረሻው ፋኖስ ላይ ስትደርሱ ግን አጥብቁልኝ።